ሰባት ሱቅ የዞረችው ፓኬት

ወንድሜ ታምራት ዛሬ ጠዋት አንቱ አለኝ። ከሱቄ ጀርባ ካለችው ክፍል ገንፎውን በልቶ በጓሮ በር ወጣ፤ በመንገዱ ዞሮ በሱቁ መስኮት ብቅ አለና፣ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን ባጅ አቃንቶ «ጤና ይስጥልኝ እናቴ፣ ስምዎን ቢነግሩኝ?» አይለኝም መሰላችሁ! እናቴ! በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁት ልጅ፣ የገንፎዬ ቅቤ ከአፉ ጥግ ሳይደርቅ! ስኳር ልትገዛ የቆመችው ሴትዮ አንዴ እሱን አንዴ እኔን እያየች አፏን በነጠላዋ ያዘች። እኔም ሳቄን ዋጥ አድርጌ «ዘርፈሽ» አልኩት። «ዘርፈሽ ማን?» አለኝ። የአባታችንን ስም ልጠራ አፌን ስከፍት ዓይኑን አፈጠጠብኝ። የሟች ባሌን አባት ስም ሰጠሁትና ተገላገልኩ።

ነገሩን ባለፈው ሳምንት እራት ላይ አስረድቶኛል። ጥናት ነው። ቀረጥ ሳይከፈልበት የሚሸጥ ሲጋራና መጠጥ በየከተማው ምን ያህል እንደሆነ፣ የሰዉንም ጤና እንዴት እንደሚጎዳ ይጠናል አሉ። የታምራት ሥራ በየሱቁ እየዞረ «ከሚሸጡት ሲጋራ አንድ ፓኬት ያሳዩኝ» ማለትና፣ ፓኬቱ ላይ ያለችውን አዲሷን የቀረጥ ቴምብር ከነቁጥሯ በታብሌት ፎቶ ማንሳት ነው። ዘመድ ቤት ገብቶ መጠየቅ ክልክል ነው። እኔ እዚህ ጎጆ ከተማ ላይ ሱቅ እንዳለኝ ቢያውቁ ኖሮ ሌላ ከተማ፣ እንጭኒ ይልኩት ነበር፤ እዚያ ደግሞ አበሉ ለአልጋ ያልቃል። ስለዚህ «ለአንድ ቀን ብቻ አንተዋወቅም እትዬ» ብሎ ለመነኝ። በስታቲስቲክስ ከተመረቀ ሦስት ዓመቱ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ከኔ ሱቅ ጀርባ ተቀምጦ የድንች ጆንያ ሲቆጥርልኝ ኖሯል፤ ሌላ ስታቲስቲክስ አላገኘም። አሁን ይቺ የአሥር ቀን ሥራ መጣች። አምቦ ሆቴል ተቀምጦ የሚቆጣጠራቸው ዶክተር ኤልያቄም የሚባል ሰው፣ በደንብ ከሠሩት ሁለቱን በቋሚነት እናስቀራለን ብሏል። ታዲያ አንቱ ቢለኝ ምን አለበት፣ ንግሥት ሆይ ይበለኝ ብዬ እሺ አልኩ።

እኔም ጻድቅ ነኝ አልልም። እዚህ ጎጆ ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ገበሬው ገብስና ድንቹን ሽጦ መጀመሪያ የሚያስበው አንድ መለኪያ አረቄና አንድ ፍሬ ሲጋራ ነው። ፓኬት የሚገዛ የለም። በፍሬ መሸጥ ክልክል ነው ይባላል፤ እኛም ክልክል መሆኑን እያወቅን በፍሬ እንሸጣለን። ቴምብር ያለው ፍሬው አሥራ አምስት ብር ነው፤ ድንች ጭኖ የወረደው አይሱዙ ሲመለስ ደብቆ የሚያመጣው ደግሞ ሰባት ብር። የትኛው እንደሚሸጥ ሊቅ አያስፈልገውም። መንገዳችን ላይ ፊት ለፊት የተፋጠጥን ሰባት ሱቆች ነን፤ ሰባታችንም የአይሱዙውን ነበር የምንሸጠው። ታምራት ሥራ አገኘሁ ሲለኝ ግን አላስቻለኝም። የገዛ እህቱ ሱቅ ኮንትሮባንድ ፎቶ አንስቶ ሊሄድ ነው? አምቦ ወርጄ ቴምብር ያላት አንዲት ፓኬት ገዛሁ፤ አንዲት ብቻ፣ ማን ሊያጨሳት! የቀረኝን የኮንትሮባንድ ለጎረቤቴ ለኦቦ ሮባ በርካሽ ለቀቅሁለት። ትናንት አንዲት ሴትዮ የጨው ዋጋ ስትጠይቀኝ የምትጎትተው በግ አንገቱን አስግጎ የፓኬቷን ጥግ ገመጠው እንጂ፣ ያቺ ፓኬት ሙሽራ ነበረች። ዛሬ ጠዋት እንግዲህ በመንገዱ ላይ ንጹሕ የነበረው ሱቅ የኔ ብቻ ነበር፤ ይህን ልብ በሉልኝ።

ታምራት መጠይቁን እንደ ዳዊት አነበነበልኝ። እርስዎ በጥናቱ ለመሳተፍ ፈቃደኛ ነዎት ወይ፣ የሚሰጡት መልስ በምስጢር ይያዛል፣ ምናምን። ጎጆ ላይ ምስጢር ማለት ከገበያ ቀን በፊት የተሰማ ወሬ ነው፤ ቢሆንም እሺ አልኩ። ፓኬቴን አወጣሁ፣ ቴምብሯን ፎቶ አነሳ፣ በሬ ላይ «01» የሚል ወረቀት ለጠፈ። «ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን» ብሎ ሲዞር ጆሮው ድረስ ቀልቶ ነበር። ኩራት ተሰማኝ። እናታችን ብታየው ምን ነበረበት አልኩ።

ወዲያው የጓሮዬ በር ተንኳኳ። ኦቦ ሮባ ናቸው፤ የቀጣዩ ሱቅ ባለቤት፣ ሽበታሙ፣ ካፖርታቸውን በጋም በክረምትም የማያወልቁት።

«አዴ ዘርፈሽ፣ ማሎ፣ እባክሽ፣ ያቺን ፓኬት አንዴ አውሺኝ። እንግዳ ሊመጣብኝ ነው» አሉኝ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ።

«እንግዳው ታምራት አይደል እንዴ ኦቦ ሮባ? እርስዎ ትከሻ ላይ ያደገው ልጅ!»

«ለዚህ እኮ ነው። ባዶ እጄን ላሳፍረው?»

በኛ መንገድ ለእንግዳ የማይዋዋሱት ነገር የለም፤ ይህን ካልነገርኳችሁ እንደ ሞኝ ታዩኛላችሁ። ሚዛን እንዋዋሳለን፣ መሰላል እንዋዋሳለን፤ ለልጅ ጠያቂ ሽማግሌ ሲመጣ መጋረጃና ሶፋ እንዋዋሳለን፤ ሽማግሌዎቹም ሶፋው የማን እንደሆነ እያወቁ ይቀመጡበታል። አምና ሱቅ ሁሉ እሳት ማጥፊያ ይኑረው የተባለ ጊዜ፣ አንዲት ቀይ እሳት ማጥፊያ ሰባቱንም ሱቅ በጓሮ በጓሮ ዞራ አስፈትሻለች። ማንም ማጭበርበር ነው አላለም፤ ጉርብትና ነው ያልነው። ደግሞስ ኦቦ ሮባን እምቢ እላለሁ? ባሌ የሞተ ጊዜ ሱቄን ዘግቼ አርባ ቀን ስቀመጥ ሚስታቸው ነበረች ውኃ የምትቀዳልኝ። ታምራት ዩኒቨርሲቲ የደረሰው ጊዜ የአውቶቡሱን የከፈሉት እሳቸው ናቸው። ፓኬቷን ሰጠኋቸው። ሦስቱን መንገደኛ ገዝቶኝ፣ ከውስጥ አሥራ ሰባት ፍሬ ነበረባት።

ከዚያ በኋላ ያለውን በሱቄ መስኮት ተቀምጬ እንደ ቲያትር አየሁት። ታምራት በፊት ለፊት በር ሲገባ ፓኬቷ በጓሮ ትገባለች፤ እሱ አመስግኖ ሲወጣ እሷም በጓሮ ትወጣለች። ወደ ማዶ መሻገር ሲያስፈልግ ኤቢሴ ሻሿ ስር ደብቃ፣ ራሷን እንዳመማት ሰው በሁለት እጇ ይዛ ተሻገረች። ኤቢሴ አራተኛው ሱቅ ናት። ከፊት ሳሙናና ዘይት፣ ከኋላ የገብስ አረቄ ትሸጣለች፤ የጎጆ ሰው አረቄ ሲል ኤቢሴን ማለቱ ነው። ስለ መጠጥ ስትጠየቅ መደርደሪያው ላይ ሦስት ፋሲካ አቧራ የጠጣች የታሸገች የፋብሪካ ጠርሙስ አሳየችው፤ አልጋ ስር ያለው ጀሪካን ስሙም አልተነሳ። እዚያ ሲደርስ ነው መሰለኝ ታምራት የተገመጠውን ጥግ ልብ ያለው። ከኤቢሴ ሱቅ ወጥቶ በረንዳው ላይ ቆመ። በመንገዱ ማዶ ቀጥ ብሎ አየኝ፤ እኔም አየሁት። ተው ልለው አልችልም፣ አንተዋወቅማ! ቆይቶ ታብሌቱን አቅፎ አምስተኛው ሱቅ ገባ። ምን ያድርግ? ስልጠናው ላይ የታየህን ብቻ መዝግብ፣ አትከራከር ተብሏል። ደግሞ እነዚህን ሰዎች ኮንትሮባንድ ሻጭ ብሎ የሚጽፍበት እጅ ከየት ያመጣል? ያሳደጉት እነሱ ናቸው።

ምሳ ሰዓት በጓሮ በር ገብቶ ተቀመጠ። ድንች ወጥ ነበር የሠራሁት። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ አልጋው፣ የዱቄት በርሜሉ፣ ሁለት በርጩማ፣ እሱና እኔ። ሲበላ ጉንጩ ላይ ያለው ሥር ይንቀሳቀሳል። ኦቦ ሮባ ፓኬቷን ሲመልሱልኝ ቆጥሬያት ነበር፤ አሥራ ሁለት ፍሬ። አምስቱን ማን እንዳጨሳቸው እግዜር ይወቀው። እሱ እያየ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኳት።

«ታዲያ እንዴት ነበር ሥራው?» አልኩት ወጥ እየጨመርኩለት።

«ሁሉም ሕጋዊ ነው» አለ አንገቱን ሳያነሳ። «መቶ ከመቶ።»

ሳቅ አፈነኝ፤ እሱንም አፈነው፤ ግን አልሳቅንም። ጥሩ ሥራ ነው፣ ማንም አልተጎዳም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። በልቶ ሲጨርስ፣ ኔትወርክ የሚይዘው ቤተ ክርስቲያኑ ያለበት ጉብታ ላይ ብቻ ነውና፣ ፎቶዎቹን ሊልክ ወጣ።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ አንዲት ነጭ መኪና ጭቃ እንደለበሰች ሱቄ በር ላይ ቆመች። ዶክተር ኤልያቄም ነው። ቀጭን፣ መነጽራም፣ ለአዲስ አበባ ብርድ የተሰፋ ስስ ጃኬት የለበሰ። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል፤ ፊቱ ግን የሠርግ ቤት ይመስላል። ታምራት ከኋላው ወረደ፤ የሱ ፊት ሌላ ነው።

«ሰባት ፓኬት፣ አንድ የቴምብር ቁጥር!» አለ ዶክተሩ፣ ለኔ ይሁን ለመንገዱ አላውቅም። «አሥራ አንድ ከተማ ዞርን፤ ያው የሚታወቀው ኮንትሮባንድ ነው፣ ምንም አዲስ ነገር የለም። እዚህ ግን የሐሰት ቴምብር! አንዷን ቴምብር አባዝቶ የሚያትም ሰው አለ ማለት ነው። እናቴ፣ የርስዎን ፓኬት ያሳዩኝ እስቲ።»

ሰጠሁት። ከታብሌቱ ጋር እያስተያየ ሰባቱን ፎቶ አገላበጠ። «አየኸው ታምራት? በሰባቱም ላይ ይሄ ጥግ ጎድሏል። የመቁረጫ ማሽናቸው ችግር አለበት።»

«በግ ነው» አልኩ።

«ምን አሉኝ?»

«በግ ነው የገመጠው፣ ጌታዬ።»

በጣም ሳቀ። ደግ ሰው ነው፤ ክፋት የለውም፣ እሱ ነው የሚያናድደው። የታምራትን ትከሻ መታ መታ አድርጎ፣ አንተን እንኳ አልለቅህም፣ ከሚቀሩት ሁለቱ አንዱ አንተ ነህ አለው። ልቤ ዘለለ። ቀጥሎ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እኔ እንደማልሰማ ሁሉ፣ በሌሎቹ ሱቆች በኩል ሲያልፍ ጠይቆ ፓኬት እንዳጣ፣ ሸጠን ጨርሰናል እንዳሉት፣ ዕቃው በእጅ የተገኘው እዚህ ብቻ ስለሆነ አከፋፋይዋ እኔ ሳልሆን እንደማልቀር ነገረው። «ቁጥር አንድ ላይ ‹ተጠርጣሪ› ብለህ ሙላ። ጉዳዩን ለሚመለከተው አካል እናስተላልፋለን።»

«ምስጢር ነው ተብሎ ተነቦልኝ ነበር እኮ!» አልኩ።

«እሱ ለጤናው ጥያቄ ነው እናቴ። ይሄ ወንጀል ነው።»

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሉ የለ! በመንገዱ ላይ ያለችው አንዲት ሕጋዊ ፓኬት፣ አምቦ ድረስ ወርጄ ያመጣኋት፣ እሷው ወንጀለኛ ሆና ተገኘች። ሱቄ ሲታሸግ ታየኝ፤ መደርደሪያው፣ የዱቄት በርሜሉ፣ በሩ ላይ ሌላ ወረቀት። ወንድሜን አየሁት። ጣቱ ታብሌቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ሆዴ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ጻፍና ሰው ሁን ይላል፤ ግማሹ ደግሞ፣ ልዋሽ አልችልም፣ እህቴ ናት በል፣ እህቴ ናት በል ይላል። መንገድ ላይ አህያ ጮኸች፤ የሆነ ሰው ጆንያ ጣለ። ጣቱ አሁንም እዚያው ነው። ጠዋት የተናደድኩበት አንቱ ያን ጊዜ ነው የቆረጠኝ።

«እህቴ ናት» አለ።

ዶክተሩ ቀና አለ።

«የእናቴ ልጅ ናት። ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ የምኖረውም እዚሁ ነው። ፓኬቷ አንድ ናት ዶክተር፣ ሰባት አይደለችም። ሱቅ ለሱቅ ተዋዋሷት። አራተኛው ሱቅ ላይ አውቄያለሁ፤ እያወቅሁ ነው ፎቶ ያነሳሁት።» ይህን ሁሉ ሳይተነፍስ ተናገረና ባጁን በእጁ ጨበጠ።

ደረቴን ነፍቼ አለቀስኩ፤ አላፈርኩም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል አልኩ በልቤ፤ ማደርም ሳያስፈልገው ጠራ አልኩ። ምን ያደርጋል! መንገዱ ሁሉ ተሰብስቧል፤ ከፊት ኦቦ ሮባና ኤቢሴ። እነሱ የሰሙት ግማሹን ነው፤ የታምራት ሥራ ውሸት ነው ተብሎ ልጁ ሊባረር ነው የሚለውን። ዶክተሩ ዞሮ ጠየቃቸው።

«የራሳችሁን ፓኬት ነው ያሳያችሁት ወይስ የዚችን ሴትዮ?»

ኦቦ ሮባ ቆባቸውን አወለቁ። «ዋቃ ምስክሬ ነው፣ የራሴን ነው ጌታዬ። ልጁ በትክክል ነው የሠራው፤ እንደሱ ያለ ልጅ የለም» አሉና ለኔ ጠቀሱኝ፤ አይዞሽ ማለታቸው ነው። ኤቢሴ ተቀበለች፤ የራሴ ነበረች፣ እንዲያውም ሁለት ነበሩኝ አለች። ሦስተኛው፣ አምስተኛው፣ ስድስተኛው፣ ሰባተኛው፣ ሁሉም ማሉ። እኔ «ኧረ በማርያም፣ እውነቱን ተናገሩ!» ብዬ ስጮህ ኤቢሴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። አንድም ሰው ለራሱ ብሎ አልዋሸም። ለታምራት ብለው ነው፤ እንዲህ አድርገው ነው የሚወዱት።

ዶክተሩ ቆጠረ። በአንድ ወገን ስድስት ሰው፣ መጠይቁ ላይ የፈረሙ፣ ዝምድና የሌላቸው። በሌላ ወገን ዝምድናውን ደብቆ የገዛ ቤቱን ያጠና አንድ ልጅና እህቱ። «ለቤተሰብህ መቆምህን እረዳለሁ፣ ስምህን በክፉ አላነሳውም» አለው አዝኖለት። «ግን መረጃ መረጃ ነው። የውሰት ፓኬት የሚባል ነገር የት ይሰማል?» ከዚያ ባጁንና ታብሌቱን ተቀበለው። ፓኬቷን ለላቦራቶሪ ሊወስዳት ነው፤ ደንቡ ናሙና ይገዛል እንጂ አይወረስም ስለሚል ሙሉ ዋጋዋን ከፈለኝ፣ ደረሰኝ ቁረጪልኝም አለኝ። ቆረጥኩለት። በኛ መንገድ ላይ ሲጋራ በደረሰኝ ሲሸጥ የመጀመሪያው ነው።

መኪናው ከመነሳቱ በፊት ኤቢሴ ብርድ የመታውን እንግዳ ዝም ብላ ልትሸኘው አልቻለችም፤ ከአልጋ ስሩ ጀሪካን አንድ መለኪያ ቀድታ አመጣችለት። አንዴ አላት፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ «ይሄ እንኳ ንጹሕ ነው» አለና ሁለተኛ አስቀዳ። ቴምብር አልጠየቃትም።

አመሻሹ ላይ ሁሉም ሱቄ በር ላይ ቆሙ፤ ምስጋና የሚጠብቁ ይመስላሉ። አፌ እስኪደርቅ ሰደብኳቸው። ምን እንዳደረጉ ቀስ በቀስ ሲገባቸው ኦቦ ሮባ ድንች ጆንያ ላይ ተቀምጠው «እኛ ለሱ ብለን እኮ ነው አዴ ዘርፈሽ» ብቻ አሉ። ነገ ስድስታችንም አምቦ ወርደን እውነቱን እንናገራለን አለች ኤቢሴ። እንሄዳለን ተባባሉ። የማሉበትን እንዴት እንደሚያፈርሱት ግን ማንም አላነሳም። ታምራት ከውስጥ በርጩማው ላይ ተቀምጧል፤ አንገቱ ላይ ባጁ የነበረበት ቦታ ባዶ ነው።

ይህን ጊዜ አንድ ጋሪ ነጂ ጋቢውን ተከናንቦ መጣና «እስቲ አንድ ፍሬ ስጪኝ፣ ሞትኩ በብርድ» አለኝ። መደርደሪያዬን አየሁት። የለኝም፤ ሕጋዊዋ አምቦ ሄዳለች፣ ሌላውን ራሴ ለቅቄዋለሁ። ኦቦ ሮባ ተነሱ፣ ሱቃቸው ገብተው ቴምብር የሌላት፣ ጽሑፏን ማንም የማያነበው አንዲት ፓኬት ይዘው ተመለሱ። እኔው የሸጥኩላቸው ናት። መስኮቴ ላይ፣ «01» ከሚለው ወረቀት አጠገብ አስቀመጧት።

«እስክትገዢ ትሁንሽ፤ ውሰት ነው» አሉ።

እጄን አልዘረጋሁም። ታምራት ተነስቶ መጣ፤ ፓኬቷን ከፍቶ አንድ ፍሬ አወጣና ለጋሪ ነጂው ሰጠው።

«ስንት ነው?» አለ ሰውዬው።

«እንደ ድሮው፣ ሰባት ብር» አለ ወንድሜ። አሥር ብሩን ተቀብሎ ወደኔ ዞረና «እትዬ፣ መልስ አለሽ?» አለኝ።